ለላንድሮቨሬ የገዛኋቸው ጥቃቅን የቦዲ ዕቃዎች፦ ከአሥራ አራት ወር በኋላ

ሞተሩ ነው የሚያስቸግረኝ ብዬ ነበር። በፈረንጆቹ 1974 የተሠራችውን ሲሪስ 3 ላንድሮቨሬን ሞተር ለማስነሣት የፈጀብኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ የሹፌሩን በር በአንድ እጅ ገፋ አድርጎ ለመዝጋት ግን ስምንት ወር። ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተሩን ዕድሜ የጠገበ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን መንሸራተቻ፣ ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለችውን የአየር መግቢያ ክዳን ጎሚኒ ይዤ ስሄድ ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩትና "ይኼ ደግሞ የምንድን ነው?" ብለው እጄ ላይ ይመልሱልኛል።

አሁን የምጽፈው ዕቃዎቹ ከተገጠሙ አሥራ አራት ወር ስለሞላቸው ነው። አንድ ሙሉ ክረምት ዘንቦባቸዋል፣ አንድ በጋ አቧራ ጠጥተዋል፣ ሁለት ጊዜ ጣርማ በር ወጥተው መንዝ ደርሰው ተመልሰዋል። አዲስ ዕቃ ከላስቲኩ ሲወጣ ሁሉም ያምራል፤ በገጠምኩ ሰሞን ብጽፍ ኖሮ ግማሹ ነገር ውሸት ይሆን ነበር።

መኪናዋ 88 የምትባለው አጭሯ ናት። 88 ማለት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በኢንች ነው፤ ወደ ሁለት ሜትር ከሃያ ሦስት ይመጣል። ጣሪያዋ ድፍን ነው፣ ከኋላ አንድ በር አላት። አምቦ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮዎች ሰፍረውባት ነው ያገኘኋት።

ዕቃዎቹን ከሦስት ቦታ ሰበሰብኩ። ጎሚኒና ፕላስቲክ የሆነውን ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ አመጣችልኝ (ለእናቷ ከገዛችው ሻምፑ ግማሹን አስቀርታ ነው፤ አክስቴ እስካሁን ታነሣብኛለች)። የብረቱን ሚናሌሽ ተራና ሶማሌ ተራ ስዞር አገኘሁት። ጨርሶ የጠፋውን ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ።

መጀመሪያ ገንዘቤን ያባከንኩበትን ልናገር። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ነው። በ1948 ሲጀመር እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ መውጣቷ ነበርና ብረት በራሽን ነው የሚታደለው፤ አሉሚኒየም የመረጡት ለዚህ ነው፣ በኋላም አልተዉትም። ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ፣ የበሩ የውስጥ ፍሬምና ማጠፊያው ግን ብረት ናቸው። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ውሃ ሲገባ ነገሩ ባትሪ ይሆናል፤ የሚበላው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ቀለሙ ሽምብራ ሽምብራ አክሎ ያብጣል፣ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። የኔዋ ሁለቱም በሮች ታችኛው ጫፋቸው እንዲሁ ነበር።

"ችግር የለም፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው" ያለኝ ባትላሜራ ጋ ወሰድኩት። እጁ ጎበዝ ነው፤ የተጨማደደ ፓራፋንጎ ሲያቃና ቆሜ አይቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የቀጠቀጠው ግን ብረት ላሜራ ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ቀልቶ ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም አይቀላም። 660 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ዝም ይልና ድንገት ይንጠባጠባል። ጣት የሚያስገባው ቀዳዳ ቡጢ የሚያስገባ ሆነ። እኔም ደነገጥኩ፣ እሱም ደነገጠ፤ "ጋሼ፣ ይኼ ብረት አይደለም እንዴ?" አለኝ። ከዚያ በስቱኮ ደፈነው። ስቱኮውም በባዶ አሉሚኒየም ላይ በደንብ አይዝምና ሁለተኛው ወር ላይ በሩን ጠበቅ አድርጌ ስዘጋው ተገምሶ ወደቀ።

ያዳነኝ ሪቬት ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ ማንሣት፣ የውስጡን ብረት አጽድቶ አንቲረስት መቀባት፣ በብረቱና በአዲሱ የአሉሚኒየም ላሜራ መካከል ቀጭን ጎሚኒ ጣልቃ አስገብቶ በሪቬት መምታት። ፋብሪካውም ራሱ ብዙ ቦታ በሪቬትና በብሎን ነው የያዛት። አሥራ አራት ወሩን ሙሉ አንድም ቦታ አላበጠም። ብየዳ ካላችሁ አሉሚኒየም መበየድ የሚያውቅ፣ ለዚያ የሚሆን ማሽን ያለው ፈልጉ፤ "እሞክረዋለሁ" የሚል ሰው ጋ በሩን ትታችሁ እንዳትሄዱ።

ወደ ማጠፊያው ልምጣ። ከለንደን አራት አዲስ ኮፒ ማጠፊያ መጥቶልኝ ነበር፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ። ገጥሜ ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ። አምስተኛው ወር ላይ የሹፌሩ በር ሲከፈት ወደ ታች ዘመም ማለት ጀመረ፤ ስዘጋው ከታች ይፋጫል፣ መዝጊያውም ማቀፊያውን እየሳተ ነው። ፈትቼ ሳየው የፒኑ ቀዳዳ ክብነቱ ቀርቶ እንቁላል መስሏል።

ሚናሌሽ ተራ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሸራ ሥር ሦስት አሮጌ ማጠፊያ አወጡልኝ፣ ዝገታቸው የተቆላ ቡና የመሰለ። ቅር እንዳለኝ ገባቸው። ኮፒውን ከኪሴ አውጥቼ ሳሳያቸው ተቀበሉኝና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዘው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። "ልጄ፣ ይኼኛው ብረት ነው። ያኛው የብረት ጎረቤት ነው" አሉኝ። ሦስቱን ገዛሁ፣ አራተኛውን ከራሷ አሮጌዎች መርጬ ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው። ቀዳዳውን ትንሽ አስፍተው፣ አስተካክለው፣ ከጠንካራ ብረት ወፈር ያለ ፒን ቀረጹልኝ። በሩ አሁን ማቀፊያው ውስጥ ገብቶ ቀጭ ይላል። ያንን ድምፅ ለመስማት ስል ብቻ ያለ ሥራ ከፍቼ የዘጋሁባቸው ቀናት አሉ።

ስለ ዋጋ ከተነሣ፣ መጀመሪያ ቀን ላንድሮቨሯን ሱቃቸው ፊት ነበር ያቆምኳት። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዋጋውን ጠሩ። በሁለተኛው ሳምንት በታክሲ ሄጄ ለሌላ ዕቃ የከፈልኩትን ሳስብ የመጀመሪያው ቀን ፓርኪንግ ውድ እንደነበር ገባኝ።

ብሎን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ዕቃውን የሚያበላሸው። ሲሪስ 3 የቦዲ ብሎኗ በኢንች ነው። እዚህ ያለው የብሎን ሱቅ ሁሉ በሚሊሜትር ነው የሚሸጠው። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 8 ዳዶ ብትሞክሩበት ይቀበላችኋል። አንድ ሁለት ዙር በጣት ሁሉ ይዞራል፣ ደስ ይላችኋል። ጥርሱ ግን አይመሳሰልም፤ የኢንቹ ጥርስ ከጥርስ 1.06 ሚሊሜትር ገደማ ሲራራቅ የባለ 8ቱ 1.25 ነው። በቁልፍ ስታጠብቁት ይነክሳል፣ ከዚያ አይገባም አይወጣም። እንዲህ አድርጌ አንድ ብሎን ግድግዳው ላይ ቆርጬዋለሁ፤ ቀሪውን በትሬፓን አውጥቶ አዲስ ጥርስ ማውጣት ግማሽ ቀን በላ። አሁን የጥሩ ብሎን ማሰሮ አለኝ፦ የተፈታ አሮጌ ላንድሮቨር ባየሁ ቁጥር ብሎኑንና ዳዶውን እለምናለሁ፣ በናፍጣ አጥቤ አስቀምጣለሁ።

ጎሚኒ ላይ ግን የአሮጌ ነገር አትስሙ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም። የበሩን ዙሪያ ጎሚኒ ሁለት ዓይነት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ርካሹ ነው፤ ሽታው ጋቢናውን ለአንድ ወር የአዲስ ጫማ ሱቅ አደረገው። ሲበዛ ወፍራም ስለሆነ በሩን ካልወረወሩት አይዘጋም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ማዕዘኑ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ዋጋው ሦስት እጥፍ ነበር፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲጫኑት የሚተኛ። እሱ ይኸው አለ።

ጎሚኒ በደንብ መያዙን የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ። አሥር ብር ኖት በበሩና በጎሚኒው መካከል ከትቼ በሩን ዘግቼ ቀስ ብዬ እጎትታለሁ። ሳይያዝ ሹልክ ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ዝናብ ይገባል። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ በሩ ከመጠን በላይ ታፍኗል፤ ማጠፊያውን ይጎዳል። እየተንገታገተ መውጣት አለበት። በሩን ዙሪያውን በየጣት ስፋቱ እንዲህ ብታዩት ማጠፊያው የቱ ጋ መሳብ እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል። ብሩን እንዳትቀዱት ብቻ።

አቧራ ሌላ ጉዳይ ነው። መንዝ በሄድንበት ቀን የፊቶቹ በሮች ጥብቅ ብለው ሳለ ፒስታ ላይ እንደወጣን የኋላው ወንበር ነጭ ሆነ። ሳጥን የመሰለ መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፣ አቧራውን በኋላ በር ክፍተት ወደ ውስጥ ይምገዋል። መድኃኒቱ ከፊት ነው፤ ከመስተዋቱ ሥር ያሉትን ሁለት የአየር ክዳኖች ከፍቶ መሄድ። ንፋሱ ጋቢናውን ይሞላና አቧራውን በመጣበት ይገፋዋል። ለዚህ ነው እነዚያ የትም የሚጣሉ የሚመስሉ የክዳን ጎሚኒዎች ዋጋ የሚያወጡት፦ በበጋ ትከፍቷቸዋላችሁ፣ በክረምት ካልተዘጉ ግን ውሃው ጉልበታችሁ ላይ ነው የሚወርደው። የኔ በማስቲሽ የተጣበቁ ናቸው። የግራው ሐምሌ ላይ አንዴ ተላቆ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሮጌውን ማስቲሽ ሳልፍቅ ደርቤ ስለለጠፍኩ። ፍቄ በድጋሚ ካጣበቅኩት ወዲህ ጠብ አላለም።

የመስኮቱ መንሸራተቻ ደግሞ ገና ስገዛት አረንጓዴ ሽበት ነበረበት። የእውነት ሽበት፣ ከወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ የሚበቅለው። መስኮቷ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን የምትንሸራተት ስለሆነች ውሃው መንሸራተቻው ውስጥ ይተኛል፣ አቧራው አፈር ይሆንለታል። አዲሱን ስገጥም ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በስቼ ውሃ መውጫ አደረግኩለት። እስካሁን ምንም አልበቀለበትም።

የፊት ግሪሉ፦ አትግዙት። ኮፒ ፕላስቲኩ በአዲስ አበባ ፀሐይ ግንቦት ላይ አመድ መሰለ፣ አንደኛው ጆሮውም ተሰብሯል። የፍሬቻውና የፓርኪንግ መብራቱ ሽፋን ደህና ነው፤ ዊቶቹ ግን ስለሚዝጉ ከመግጠማችሁ በፊት ግሪስ ንኩባቸው።

ከውጭ ስታስመጡ "የላንድሮቨር በር ጎሚኒ" ብላችሁ አትዘዙ፤ የዕቃውን ቁጥር ላኩ። የቆዩት ዕቃዎች ቁጥር ስድስት አሃዝ ነው፣ በኋላ የመጡት እንደ ኤም ቲ ሲ እና አር ቲ ሲ ያሉ ሦስት ፊደሎች ከፊታቸው አለ። ያለ ቁጥር ባዘዝኩበት ጊዜ የረጅሟ፣ የ109ኟ የኋላ በር ጎሚኒ መጥቶልኝ አሁን የአክስቴን ፍሪጅ በር ይዞላታል። ሻምፑውን በዚያ ያካካስኩ መስሎኝ ነበር።

የቀረኝ የኋላው በር ሲከፈት ይዞ የሚያቆመው ዘንግ ነው። ከለንደን የመጣው አጠረ፣ ሚናሌሽ ተራ ያገኘሁት ታጥፏል፣ ቶርኖ ቤቱ ደግሞ "ናሙና አምጣ" ይለኛል። በሩ እስከዚያው በሲባጎ ታስሯል፤ ዕቃ ሳወርድ አንድ ሰው ይይዝልኛል።