የኮምቦልቻ ሳይክለኞች፣ ሀጂን ገና ካላወቃችኋቸው ይሄን አንብቡልኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን የኮምቦልቻ ልጆች፣ ደሴዎችም ሀርቡዎችም ከሚሴዎችም ካላችሁ አብራችሁ አንብቡልኝ።

ምስጋናም ጥቆማም ነው። ሳይክል የሚነዳ ወይ ልጀምር ብሎ የሚያስብ ሰው "የት ላሰራ" ካለኝ እኔ ያለኝ መልስ አንድ ነው፣ ሀጂ ጋ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ፎቶም የለም፣ አስፈቅጃቸው "ስራውን ጻፊው እኔን ተይኝ" ነው ያሉኝ። መናኸሪያ አካባቢ ሄዳችሁ የሳይክሉ ሀጂ በሉ፣ ሊስትሮዎቹም ባጃጅ ነጂዎቹም ያሳዩዋችኋል። በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ናት፣ በሯ ላይ አሮጌ ጎማ ተሰቅሏል፣ ታፔላ ምናምን የለም።

እኔ የምሰራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው። ሺፍት የሚገባ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ባጃጅ ሲጠብቁ ማርፈድ፣ ማታ ደግሞ "ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም"፣ ቤንዚን የጠፋ ቀን ጭራሽ ባጃጆቹ እራሳቸው ማደያ ተሰልፈው ነው የሚውሉት። ደሞዝ ሲገባ ለትራንስፖርት የወጣውን ስደምረው ደሜ ፈላና ያገለገለ ሳይክል ገዛሁ። ኮምቦልቻ መቼም ለሳይክል ትመቻለች፣ መሀል ከተማው ላይ አብዛኛው ሜዳ ነው (ደሴዎች አትቀየሙ፣ እናንተ ዳገቱን በሳይክል ስትወጡ ያየሁ ቀን ቆሜ ነው የማጨበጭብላችሁ)።

ችግሩ ልብስ ነው። እኔ ረጅም ቀሚስና ጂልባብ ነው የምለብሰው፣ የሳይክል ካቴና ደግሞ ቀሚስ ይወዳል። አንዴ ጫፉን ከያዘ ጨርቁ ጥርሱ ውስጥ ይገባና ፔዳሉ ቀጥ ነው፣ እድለኛ ከሆንሽ ቀሚስሽ ይቀደዳል፣ ካልሆንሽ አስፋልቱ ላይ ነሽ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሪዝቃቸውን አልነካም) ሰውየው ስቆ ስቆ "በቃ ሱሪ ልበሺ፣ ካልሆነ ለወንድምሽ ስጪው" አለኝ። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ደግሞ መልሱ "አዲስ ከመነዳሪ ግዢ" ነው (ጎማው ውስጥ ያለው የሚነፋው ላስቲክ)፣ ብዙም ሳይቆይ ይተነፍሳል፣ እንደገና ግዢ።

ሀጂ ጋ የወሰደችኝ የስራ ጓደኛዬ ናት። አዲስ ከመነዳሪ በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት፣ እሱን አይተው "መልሽው ልጄ፣ ገና አልተከፈተም አይደል? ብርሽን ይመልሱልሽ" አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ገና ሳይክሉን ሳይነኩት።

ከዛ አሮጌውን ከመነዳሪ ነፍተው ሳፋ ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ አዞሩት፣ አረፋ ያወጣው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ። እዚ ድረስ ማንም ጎሚስታ የሚያደርገው ነው። ቀጥሎ ግን ከመነዳሪውን ጎማው ጎን አጋደሙትና ከቫልቩ ጀምረው ቀዳዳው በጎማው የት ጋ እንደሚውል ለኩ፣ የድሮ ስቶኪንግ ቁራጭ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው የጎማውን የውስጥ ክፍል ዳበሱት፣ አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ ያዝ ተደረገ። በፒንሳ ሲስቡት የግራር እሾህ ስባሪ! ከውጭ ብታዩት ምንም የለም፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ትንሽ ብቅ ብሎ ነው ያለው። "ይሄ እዚህ ቁጭ ብሎ አስር ከመነዳሪ ቢቀየርልሽ አስሩንም ይበሳዋል" አሉኝ። በየጊዜው ስገዛ የነበረው ለካ እሾሁን ለመቀለብ ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማስቲሽ ቀቡት፣ ወዲያው ግን አልለጠፉም፣ ማስቲሹ ደረቅ ብሎ ጣት ሲነካው የማይነሳ እስኪሆን ጠበቁ፣ እስከዛ ለኔ ሻይ ታዘዘ። ብዙ ቦታ ልጥፉ የሚነሳው እርጥብ ማስቲሽ ላይ ስለሚለጥፉት ነው አሉ። ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ እሾህ አይደለም፣ ጎማው ንፋስ አንሶት ጉድጓድ ላይ ሲመታ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ክብ) ከመነዳሪውን ቆንጥጦት ነው። ስንት ንፋስ እንደሚገባው ጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተጽፏል፣ የኔው ከ40 እስከ 65 ይላል፣ እሳቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ ያ ጽሁፍ እንዳለም ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሂሳቡን ስጠይቅ የልጥፍ ብቻ፣ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም የማይዘል።

አሁን ወደ ቀሚሱ። እኔ ምንም አላልኩም፣ እሳቸው ናቸው ያዩት፣ የቀሚሴ ጫፍ ላይ ያለውን የግራሶ ጥቁረት አይተው "ይሄ ነገር አንድ ቀን ይጥልሻል፣ ነገ ከስራ መልስ አምጪው" አሉኝ። በማግስቱ ስሄድ የዘይት ቆርቆሮ ዘርግተው ቆርጠው ጠብቀውኛል። ካቴናውን ከላይም ከጎንም ሸፍኖ እስከ ኋላ ማርሹ የሚሄድ መሸፈኛ ነው የሰሩልኝ፣ ጠርዙን ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፈው በመዶሻ ደቁሰውታል እግር እንዳይቆርጥ፣ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው፣ ካቴና ዘይት ለመቀባት ሲፈለግ ይወልቃል። ለኋላ ጎማው ደግሞ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በድሪል ደረደሩና ከየቀዳዳው እስከ መሀል እምብርቱ ድረስ የናይለን ሲባጎ እየወጠሩ መሶብ እንደሚሰፋ ሰው ቁጭ ብለው ሰሩት፣ በግራም በቀኝም። አሁን ንፋስ ቢነፍስ ጂልባቤ መረቡ ላይ ያርፋል እንጂ ጎማው ውስጥ አይገባም። የሲባጎውን ቀለም እንኳን ምረጪ ብለውኝ አረንጓዴ ነው ያስደረግኩት።

ከየት አመጡት ስላቸው በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጉልበት ስራ ሰርተው ከዛ አስመራ ከአንድ ሳይክል ሰሪ ስር ነው የተማሩት፣ እዛ ሴቶች በቀሚስ ሳይክል ሲነዱ እንዲህ አይነት መረብ አይተዋል። "ሳይክሉ ነው ለሰው የሚስተካከለው" ብለው ዝም አሉ። ያ ሱሪ ልበሺ ያለኝ ሰውዬ ይሄን ቢሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

እናላችሁ ከኔ ሌላ ከፋብሪካችን ሁለት እህቶች አሰርተዋል፣ አንዷ ከዛ በፊት ሳይክል ነድታ የማታውቅ ናት፣ መረቡን አይታ ነው የጀመረችው።

ሌላው የኮርቻ ጉዳይ። ሳይክሉን የሸጠልኝ ልጅ "ሁለት እግርሽ መሬት መንካት አለበት" ብሎ ኮርቻውን ጭራሽ ዝቅ አድርጎት ነበር፣ ፓርኩ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፣ እኔ እርጅና መስሎኝ (ሰላሳ እንኳን አልሞላኝም ኧረ!)። ሀጂ ኮርቻው ላይ አስቀምጠው ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስደረጉኝ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ አደረጉት። ስትነጂ በእግርሽ ፊት ስለምትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ ልኩ ይሄ ነው አሉ። ስቆም አሁን የምነካው በአንድ እግር ጫፍ ነው፣ ሁለት ቀን አስፈራኝ፣ ከዛ ለመድኩት፣ የጉልበቴ ነገር ግን ቀረ።

ስፖርት ቤት ለመመዝገብ ለምታስቡ ደግሞ አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ። የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ላብ ላብ የሚያደርግ ግን እያወራችሁ የምትችሉት አይነት። የኔ መንገድ መሄጃው ሩብ ሰአት መመለሻው ሩብ ሰአት ነው፣ በአምስት የስራ ቀን 150 ሞላ፣ ለብቻው የወጣ ሰአትም ብርም የለም። እናቴ "ከስተሻል" እያለች ገንፎ ታገነፋልኛለች እንጂ እኔስ ተመችቶኛል።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ለጨዋታ ነው የሚነዳው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ደሴ ይወጣና ቁልቁል ይለቀዋል። የሚያውቅ ያውቀዋል ያን መንገድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ እስከዚ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ዶሮ መዝለያ ጋ ያለው ኩርባ ደግሞ ከነሲኖትራኩ ነው። አንድ ቀን የፍሬን ጎማው አልቆ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀ መጣ። ሀጂ አይተው አልተቆጡም፣ እጁን ይዘው ቸርኬውን አስነኩት፣ የተፋቀውን መስመር በጣቱ እንዲያየው። ከዛ አስረዱት፣ ቁልቁለት ሙሉውን ፍሬን ተጭነህ አትውረድ፣ ቸርኬው ይግላል፣ በጣም ከጋለ ከመነዳሪው ይፈነዳል፣ ኩርባው ሳይደርስ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነትህን ቀንስ ከዛ ልቀቀው ይንፈስ፣ ኩርባው ውስጥ አትያዝ። የሚያቆምህ በዋናነት የፊቱ ፍሬን ነው፣ ግን ሰውነትህን ወደኋላ ሳታደርግ ብቻውን ቀጭ ካደረግከው በጭንቅላትህ ነው የምትወርደው። ሄልሜት ሳታደርግ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ ብለውታል፣ እኔ ስለምነው የከረምኩትን እሳቸው በአንድ ቃል አስገዙት።

ስራ ቦታቸው ላይ ደግሞ ወሬው አይጠገብም። በ2016 ክረምት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር) ላይ ሶስት ኤታፕ (የአንድ ቀን ውድድር) አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ልጆቹ በስልክ እየከፈቱላቸው ስራ ቆሞ ነበር፣ ቱር ላይ ኤታፕ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እኮ ነው። አንዱ ልጅ "የኛስ?" ሲል የኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ከዛ ክርክር፣ ሻይ፣ ሳቅ፣ ሳይክሌ ግን እዛው ተገልብጦ።

ስለዚ እውነቱን ልናገር፣ ቸኩላችሁ ከሆነ አትሂዱ። ሀጂ አይጣደፉም። "ነገ" ካሉ ነገ ከሰአት ነው፣ የጠዋት ነገ አይደለም። እቃ አይሸጡም፣ የሚቀየር ነገር ካለ ስሙንና ልኩን በወረቀት ጽፈው ይልኳችኋል፣ እናንተ ዞራችሁ መፈለግ ነው፣ አንዳንዱ እቃ እዚ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ማስመጣት ይመጣል። ዘይት ያለው ሀይድሮሊክ ፍሬን "አልነካም፣ አልተማርኩትም" ይላሉ በግልጽ፣ እኔ ይሄን ነው የወደድኩላቸው፣ ሌላው ቢሆን ፈታቶ በታትኖ ነበር የሚያስታቅፋችሁ። ደግሞ ሳይክላችሁን ላቫጆ አሳጥባችሁ እንዳትሄዱ፣ ይበሳጫሉ። ያ በሀይል የሚረጨው ውሃ ኩሽኔታው (ጎማውን የሚያሽከረክሩት ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉበት) ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል፣ ከዛ ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል፣ በባልዲና በጨርቅ ጥረጉት ነው የሚሉት።

ካቴና ቀይሩ ከተባላችሁም እሳቸው ጋ አስለኩት። ከአንድ ፒን ጀምረው ከሱ ቀጥሎ ያሉትን 24 ቆጥረው በማስመሪያ ይለካሉ፣ አዲስ ከሆነ ልክ 12 ኢንች ነው፣ በአንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ከረዘመ ይቀየር፣ ሶስት ሚሊሜትር ከደረሰ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል ማለት ነው ወጪው ይበዛል። የኔን ለክተው "ገና ነው፣ ክረምቱን ያሻግርሻል" አሉኝ። አዲሱን ለመግዛት ብር ይዤ ነበር የሄድኩት፣ በዛው ብር ለእናቴ ሻሽ ገዛሁላት።

ሀጂ፣ ልጅዎ ይሄን ካነበበልዎት፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎን አይንሳን። ሰው የሳቀበትን ነገር ቁም ነገር ብለው ቁጭ ብለው ሰሩልኝ፣ አልረሳውም። ቡናውን ደግሞ እኔ ነኝ ባለተራ።

ለምትሄዱ፣ አርብ ከጁምአ በፊት አይከፈትም፣ በረመዳን ከአስር ሰአት በኋላ አታገኟቸውም፣ የገበያ ቀን ሰው ስለሚበዛ ሌላ ቀን ይሻላችኋል። የቀሚስ መረቡን የምትፈልጉ እህቶች ሲባጎውን ገዝታችሁ ሂዱ፣ ወፍራሙን ሳይሆን ቀጭኑን፣ ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፣ ካለሱ መረቡ የሚታሰርበት የለም። ብር በጥሬው ያዙ፣ ቴሌብር የሚሰራው ልጃቸው ካለ ብቻ ነው።