የቆዳ ሕክምና መመሪያ እንዴት ቢዘጋጅ ይሻላል?

የቆዳ ሐኪም ነኝ። አዲስ የሕክምና መመሪያ ሲደርሰኝ ከመድኃኒቱ ዝርዝር በፊት የማነበው የአዘገጃጀቱን ክፍል ነው። ለታካሚዬ ምን ያህል ደፍሬ እንደምናገር የሚወስንልኝ እሱ ነውና።

ልቤ የሚያዘነብለው ማስረጃንና ምክርን በደረጃ ወደሚያስቀምጠው ዘዴ፣ ወደ ግሬድ (GRADE) ነው። ግሬድ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚታመን ለብቻ፣ ምክሩ ምን ያህል እንደሚጠነክር ለብቻ ያስቀምጣል። ታካሚዎችን በዕጣ በቡድን መድቦ የተሠራ ጥናት ከ«ከፍተኛ» ይነሣል፤ የአሠራር ጉድለት ከተገኘበት ወይም ውጤቶቹ እርስ በርስ ከተጋጩ ደረጃው ይወርዳል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂዎች አቶፒክ ኤክዜማ (ቆዳን የሚያሳክክና የሚያደርቅ ሥር የሰደደ በሽታ) ያወጣውን መመሪያ ተመልከቱ። የሚቀቡ ስቴሮይዶች፦ ማስረጃው ከፍተኛ፣ ምክሩ ጠንካራ። ማለስለሻ ቅባት፦ ማስረጃው መካከለኛ፣ ምክሩ ግን ያው ጠንካራ። በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፦ ማስረጃው ዝቅተኛ፣ ምክሩም እንደ ሁኔታው የሚወሰን። ይህን አይቼ ታካሚዬን «ማለስለሻ ቅባቱን በፍጹም እንዳታቋርጪ፤ ጨርቁን ግን ሞክረን እናየዋለን» እላታለሁ። ከዚህ በላይ የሚጠቅመኝ ነገር የለም።

እንደ ፓዮደርማ ጋንግሬኖሰም (ቆዳን በሚያም ቁስል የሚያጠቃ በሽታ) ያሉ እምብዛም የማይገኙ በሽታዎች ላይ ሲደርስ ግን ግሬድ አቅም ያጣል። ጥናቱ ጥቂት ስለሆነ ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች «በጣም ዝቅተኛ» ይሆናል። እዚህ የባለሙያዎችን ስምምነት በዙር የሚሰበስበው ዴልፋይ የተባለው ዘዴ ይሻለኛል። ባለሙያዎቹ ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የቡድኑን ውጤት አይተው በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይወስናሉ። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ ሐኪም ዝም የሚልበትን ስብሰባ የሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ይገባዋል። ይሁንና የብዙዎች ስምምነት ማስረጃ አይሆንም፤ ሁሉም በአንድ ልማድ ያደጉ ከሆኑ ድምፁን ያገኘው ልማዱ ነው።

የጀርመን የሕክምና ማኅበራት አሠራር መመሪያው በስምምነት ወይስ በማስረጃ እንደተዘጋጀ በደረጃ ምልክት በግልጽ ያሳያል። ኤስ1 የጥቂት ባለሙያዎች አስተያየት፣ ኤስ2ኬ መደበኛ ስምምነት፣ ኤስ2ኢ ስልታዊ የማስረጃ ፍተሻ፣ ኤስ3 ደግሞ ስምምነቱም ፍተሻውም በአንድነት ናቸው። ገና ሽፋኑ ላይ ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ። ሌሎችም ቢከተሉት ምንኛ ደስ ባለኝ!

አግሪ ሁለት የሚባለው መመዘኛ በ23 ነጥቦች የመመሪያን ጥራት ይለካል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን የሚመዝነው አዘገጃጀቱንና አጻጻፉን እንጂ የምክሩን ትክክለኛነት አይደለም። እኔ በእሱ ቀድሜ የምፈትሸው የጥቅም ግጭትን ነው፦ ከመድኃኒት አምራች ገንዘብ የተቀበለ አባል ስለዚያው መድኃኒት ድምፅ ሲሰጥ ከክፍሉ ወጥቷል ወይስ ተቀምጧል?