ከአቶ ተወልደ በኋላ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተሸጋጋሪ መንገደኛ ዐይን

አቶ ተወልደ ገብረማርያም በጤና ምክንያት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት መልቀቃቸው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ በድርጅቱ ውስጥ 37 ዓመት፣ በመሪነቱ ወንበር ላይ ደግሞ ከ11 ዓመት በላይ አሳልፈው ነበር። እንደ እኔ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሚመላለስ መንገደኛ ዋናው ጥያቄ ማን ተሾመ የሚለው ሳይሆን፣ በትኬቱ የሚያገኘው አገልግሎት እንደነበረ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ግምገማም የሚመዝነው እሱኑ ነው።

ከአውሮፕላኑ እንጀምር። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ድሪምላይነር (ቦይንግ 787 አውሮፕላን) ወደ አፍሪካ ያመጣው ይህ አየር መንገድ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለ ስፍራ ጋር የሚስተካከል በመሆኑ ረጅሙ ጉዞ ድካሙ ይቀንሳል። (አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ለሸገር ልጅ ሰማይ ላይ መውጣት ወደ ወይናደጋ እንደመውረድ ነው።) መቀመጫውና ምግቡ ከሌሎች ታላላቅ አየር መንገዶች እምብዛም አይለዩም፤ ከምግቡ ይልቅ ቡናውን እመርጣለሁ።

በእኔ ግምት አቶ ተወልደ ትተውት የሄዱት ትልቁ አገልግሎት ግን ያለው ቦሌ ላይ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የተነሱት በረራዎች በአብዛኛው ንጋት ላይ ይደርሳሉ፤ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሳሉ፤ ማታ ደግሞ ከአፍሪካ የተመለሱት ተሰብስበው እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ ሌላው ዓለም ይበተናሉ። በዚህ አሠራር ምክንያት ከዋሽንግተን የተነሳ ሰው ሉሳካም ይሂድ ኪጋሊ አውሮፓን ሳይረግጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አውሮፕላን ቀይሮ ይደርሳል። ጥንካሬው ከአንድ ሰው ችሎታ ይልቅ በበረራ ሰሌዳው ውስጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ቀድሞ በድርጅቱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት አቶ መስፍን ጣሰው ኃላፊነቱን ሲረከቡ መንገደኛው ለውጡን እምብዛም አላወቀውም። ድክመቱም የሚመነጨው ከዚያው ሰሌዳ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚገናኝ የፍተሻው ወረፋ የሚረዝመው፣ መቀመጫ የሚጠፋውም በእነዚያ ሰዓቶች ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ የተርሚናሉን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ቢያደርሰውም፣ በሁለት በረራዎች መካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ክፍተት ያለውን ትኬት መምረጥ ይበጃል።

ስለ ደኅንነት ሳይጠቅሱ ይህን ዘመን መገምገም አይቻልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሲበር በተከሰከሰው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች አልቀዋል፤ ድርጅቱ የአውሮፕላኑን ዓይነት ወደ አገልግሎት የመለሰው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ ኮቪድ ሲመጣ፣ ብዙ አየር መንገዶች የመንግሥታቸውን ድጎማ ሲጠባበቁ፣ ይህኛው 25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አንስቶ ጭነት በማመላለስ በእግሩ ቆሟል። ትርፍና ኪሳራውን ለባለሙያ ብተውም፣ ድርጅቱ ችግሩን ተቋቁሞ በመቆየቱ የተጠቀመው መንገደኛው ነው።

አንድ ነገር ለምዕራብ ተጓዥ ላስታውስ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ቀጥታ ሲሆን፣ መልሱ ግን በመካከል ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ በሳሳው አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ለከባድ አውሮፕላን አስቸጋሪ ነው። ከቦሌ ዝቅ ባለችው ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለቱንም፣ ወረፋውንም ከፍታውንም፣ ሊያቃልል ይችላል። እስከዚያው ግን ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ያንን ዕረፍት ከጉዞው ሰዓት ጋር ቆጥሮ ይነሳ።