«የዛፍ ሙጫ ጄል» ከመግዛታችሁ በፊት ጨው አዘጋጁ

እኔ ገንዘቤን ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ኢንተርኔት ላይ ለፀጉርና ለፊት የሚሆን ጄል አየሁ። «በንጹህ የግራር ሙጫ የወፈረ፣ ኬሚካል የሌለው፣ ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) ያልነካው» ይላል። ዋጋው ከተራው ጄል ሦስት እጥፍ ነው። ተፈጥሯዊ ነው ሲሉኝ ቶሎ እሸነፋለሁ፤ ከፈልኩ።

ሲመጣ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ጣቴን ነክሬ ሳወጣ ቁርጥ ይላል፤ አይለጠጥም። ያኔ ጠረጠርኩ። ለፀጉሬ የሚሆን ጄል ቤት ውስጥ ዛንታን በሚባል የሙጫ ዱቄት ስለማዘጋጅ የሙጫን ጠባይ ትንሽ አውቀዋለሁ። ሙጫ ዝልግልግ ነው፣ ጣታችሁን ተከትሎ ክር ይሠራል። ብዙ ጊዜም ደፍረስ ይላል። ቆዳ ላይ አብዝታችሁ ስታሹት ደግሞ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይነሳል።

አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርጌ ጨው ነሰነስኩበት። አንዴ አማሰልኩት። ውሃ ሆነ! ሳህኑን ዘንበል ሳደርገው ወደ ጠርዙ ፈሰሰ። አጠገቡ የራሴን የዛንታን ጄል አድርጌ ያንኑ ያህል ጨው ነሰነስኩ፤ ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ በጨው የሚፈርሰው ካርቦመር የሚባለው የፋብሪካ ማወፈሪያ ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ብዙ ጥሩ ክሬም ውስጥ አለ። የኔ ጸብ ካርቦመርን የዛፍ ሙጫ ነው ብሎ ሦስት እጥፍ ከሚያስከፍለው ሰው ጋር ነው። ደግሞ ጨዉን የተቋቋመ ሁሉ ሙጫ ነው እንዳትሉ፤ ጨው የማይበግራቸው ሌሎች የፋብሪካ ማወፈሪያዎችም አሉ።

ለነገሩ ቀድሞ ማስታወቂያው ራሱ ሊያባንነኝ ይገባ ነበር። የግራር ሙጫ እኮ ደካማ ማወፈሪያ ነው። ከድብልቁ 30 በመቶው እሱ ቢሆን እንኳ ይፈስሳል እንጂ እንዲህ ያለ ጄል አይሆንም። በ1 በመቶ ውሃን የሚያወፍሩት ጉዋርና ዛንታን ናቸው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 ግራም ዱቄት፣ በቃ። (ዛንታንም ቢሆን ከዛፍ አይወጣም፤ ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ስኳር እየበላ የሚያመርተው ነው። ጉዋር ግን በእርግጥም ከተክል ፍሬ ይፈጫል።) ሻጩ «ወፍራም የሆነው ሙጫው ብዙ ስለሆነ ነው» ይላል። በጉዋር ወይም በዛንታን የወፈረ ቢሆን እንኳ የገዛሁት 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ነበር ማለት ነው።

«ፕሪዘርቫቲቭ ያልነካው» የሚለውስ? ሙጫ የስኳር ሰንሰለት ነው። ከውሃ ጋር ሲሆን ለሻጋታና ለባክቴሪያ ድግስ ነው። የኔ የቤት ጄል ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ከሳምንት በላይ አላምነውም። ይሄኛው መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው 2 ወር ተቀመጠ። አንዲት የሻጋታ ነጥብ የለችም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ?

ሻጩን ስጠይቀው «ቫይታሚን ኢ ይጠብቀዋል» አለኝ። ቫይታሚን ኢ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል እንጂ ባክቴሪያ አያቆምም። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ላክልኝ ስለው «የቤተሰብ ሚስጥር ነው» ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

ሙሉ ዝርዝር ያልተጻፈበትን ዕቃ አትግዙ። ዝርዝሩ ካለ፣ በብዙ አገሮች ደንብ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚደረደረው፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን እንደፈለጉ ይጻፋሉ። ስለዚህ ሙጫው መጨረሻ አካባቢ ቢገኝ አይግረማችሁ። ሙጫው ጨርሶ ሳይኖር ካርቦመር ወይም አክሪሌት (የካርቦመር ዘመድ ነው) የሚል ስም ካያችሁ ነው ጉዱ።

ትናንት በጓደኛዬ ስልክ ገብቼ አየሁት። ጄሉ አሁን «የባሕር አረም ጄል» ተብሏል። ዕቃው ያው ነው፤ ክዳኑ ብቻ አረንጓዴ ሆኗል።