ለካምቢዮ ኮምፒውተር ባለሙያው ምስጋና፣ ለፒክአፕ ባለቤቶችም ጥቆማ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ በአንዲት አነስተኛ ጋራዥ የመኪና ኮምፒውተር የሚያስተካክሉ አንድ ወንድማችን ለ2002 ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ፒክአፔ የሠሩልኝን ሥራ በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም። ሥራቸውን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ግን ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ደኅና ካምቢዮ እስከማስፈታት እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ባለ 5.3 ሊትሩ ሞተር ቀደም ሲል ጠንከር ያለ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ስለተገጠመለት፣ የፋብሪካውን ቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ አስወጥቼ በደቂቃ እስከ 2,800 ዙር ገደማ ሞተሩን ለቀቅ የሚያደርግ ሌላ ኮንቨርተር በአንድ ጋራዥ አስገጠምሁ። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ እንደተመኘሁት ፈጣን ሆነ። ሆኖም በሰዓት 45 ማይል አካባቢ በትንሽ ነዳጅ ስሄድ የሞተሩ ዙር ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጠው ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ የዙር ገደቡን እየነካ ይታነቅ ነበር። ኮንቨርተሩን የገጠመው ጋራዥ «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል» አለኝ።

እኚህ ባለሙያ መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት የካምቢዮውን ዘይት ቀለምና ሽታ ተመለከቱ፤ ቀጥሎም ላፕቶፓቸውን አገናኝተው እኔ ስነዳ እሳቸው የሞተሩን ዙር፣ የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ ፍጥነትና ኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ ጎን ለጎን መዘገቡ። መዝገቡ ላይ በጣታቸው ያሳዩኝ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚያያይዘው የመቆለፊያ ፍሪሲዮን «ያዝ» ሲባል ወዲያው ይይዛል፣ የዙር ልዩነቱም ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የሚለቀውም ተንሸራትቶ ሳይሆን ኮምፒውተሩ «ልቀቅ» ስለሚለው ነበር። መቆለፊያው መቼ እንደሚይዝና እንደሚለቅ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የፋብሪካው ሰንጠረዥ ለሌላ ኮንቨርተር የተሰላ በመሆኑ መቆለፊያው ገና በዝቅተኛ ፍጥነት ሲይዝ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ በዚህ ካምሻፍት ሞተሩ እዚያ ዙር ላይ ጉልበት ስለሌለው እኔ ነዳጅ እጨምራለሁ፣ የጨመርሁት ነዳጅ የመልቀቂያውን መስመር ያልፋል፣ መቆለፊያው ሲለቅ ዙሩ ስለሚዘል እግሬን አነሣለሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና ይይዛል።

ስለዚህ የመያዣውን ፍጥነት ከፍ አደረጉት፤ በመያዣውና በመልቀቂያው መካከል ያለውንም ክፍተት አሰፉት። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሠራውን የማርሽ መቀየሪያ በተመለከተ፣ ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ዘይቱ ግፊት ፈጥሮ ማርሹ እስኪገባ ድረስ የሞተሩ ዙር መውጣቱን ስለማያቆም፣ ትእዛዙ ቀደም ብሎ እንዲሰጥ የዙሩንም የፍጥነቱንም ሰንጠረዥ ዝቅ አደረጉ። አዲሱ ኮንቨርተር በማርሽ ላይ ቆሞ ሳለ ሞተሩን ያን ያህል ስለማይጫነው ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር) አስተካከሉልኝ።

እኔ በዚህ አጋጣሚ ማርሹ ጠንክሮ እንዲገባ የካምቢዮውን የዘይት ግፊት እስከ መጨረሻው ከፍ እንዲያደርጉልኝ ጠይቄ ነበር። አሻፈረኝ አሉ። 4ኤል60-ኢ (4L60-E) የተባለው የመኪናዬ ካምቢዮ ደካማ ጎን የታወቀ እንደሆነ፣ የፀሐይ ማርሹን (በካምቢዮው ውስጥ መሐል ላይ ያለውን ጥርሳም ማርሽ) የሚያዞረው ከበሮ መሰል ብረት ከተሰበረ ሁለተኛው፣ አራተኛውና የኋላ ማርሹ አብረው እንደሚጠፉ ነገሩኝ፤ ግፊቱንም በመጠኑ ብቻ ጨመሩ። ለደንበኛ «እሺ» ማለት ቀላል በሆነበት ሙያ ይህን መስማቴ እምነቴን አጠነከረው።

በሶፍትዌር የማይፈታውንም አልደበቁኝም። እንዲህ ያለ ልቅ ኮንቨርተር መቆለፊያው ባልያዘ ቁጥር ሙቀት ያመነጫል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የካምቢዮው ዘይት 230 ፋራናይት ይደርስ ስለነበር ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ እንዳስገጥም መከሩኝ፤ ካስገጠምሁ በኋላ ከ190 ብዙም አያልፍም። አሁን በ66 አውራ ጎዳና ወደ ሼናንዶዋ ተራሮች ስወጣ መቆለፊያው እንደያዘ ይቆያል።

የከፈልሁት ዋጋ ለእድሳት ከተጠየቅሁት ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም። የመጀመሪያውን የፋብሪካ ፋይልና የቀየሯቸውን ሰንጠረዦች ዝርዝር ሰጥተውኛል። ስልክ ቶሎ የሚያነሡ ሰው አለመሆናቸውን ግን ልደብቅ አልችልም፤ መልእክት መተው ይሻላል። ቀጠሮ የምትይዙ ሰዎች የኮንቨርተራችሁን መግለጫ ወረቀት፣ የጎማችሁን መጠንና የዲፈረንሻሉን ሬሾ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ያለ እነዚህ ሥራ አይጀምሩም። አድራሻቸውን የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ እሰጣለሁ።