ከጎንደር በቦሌ በኩል ወደ ውጭ፦ አንድ ትኬት፣ ሁለት ትኬት ወይስ አውቶቡስ?

ከጎንደር ተነስቶ በአውሮፕላን ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በቦሌ ማለፉ አይቀርም። ጥያቄው ቦሌ ድረስ እንዴት ይደረሳል የሚለው ነው። አንዱ መንገድ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ እስከ መጨረሻው ከተማ በአንድ ትኬት መብረር ነው። ሁለተኛው የአገር ውስጡንና የውጩን ትኬት ለየብቻ መግዛት ነው። ሦስተኛው አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ከዚያ መብረር ነው።

የእኔን ምክር ከወዲሁ ልናገር። አቅም ከፈቀደ አንድ ትኬት ግዙ። እናት ወይም አባት ለብቻቸው የሚሄዱ ከሆነማ ሌላውን አታስቡት።

አውቶቡሱ በዋጋ ይረክሳል። ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑ የተቆረጠ የውጭ ትኬት ይዞ በመኪና መሄድ የሚያዋጣው ብዙ ቀን አስቀድሞ ለሚነሳ ሰው ብቻ ነው።

ዋናው ፉክክር በአንድና በሁለት ትኬት መካከል ነው። ሁለት ትኬት የሚገዛው ብዙ ጊዜ የውጩ በረራ በሌላ አየር መንገድ ረከስ ብሎ ሲገኝ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ኪሎውን አስሉ። የውጭ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። ለብቻው የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት ያን ያህል አይፈቅድም፤ ስለዚህ አዘዞ ላይ የትርፍ ኪሎ ትከፍላላችሁ። ቦሌ ስትደርሱ ሻንጣችሁን ከተርሚናል 1 ተቀብላችሁ፣ ወደ ተርሚናል 2 ገፍታችሁ፣ እንደገና ቼክ ኢን ታደርጋላችሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ግን ያም ሩቅ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው መዘግየት ነው። በአንድ ትኬት የጎንደሩ በረራ ዘግይቶ የውጩ ቢያመልጣችሁ፣ በሚቀጥለው የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። በሁለት ትኬት ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። የግድ ሁለት ከሆነ በመካከል አንድ ሌሊት አስገቡ። አዲስ አበባ የሚያሳድር ዘመድ ካለ ጥሩ። የሆቴል ከተጨመረበት ግን ያተረፋችሁት ብር እዚያው ያልቃል።

ቦሌ ራሱ አያስፈራም። ተርሚናል 2 በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ተከፍቶ በ2019 ሰፍቷል፤ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ነው የተሠራው። ሸኚ ውስጥ ስለማይገባ ስንብቱን በር ላይ ጨርሱ። ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፤ በሩ ላይ አንዴ፣ ከፓስፖርት በኋላ አንዴ። በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ግን ቅቤና ቋንጣ አትቋጥሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የመጣ የሥጋና የወተት ውጤት አያስገቡም። የእናት ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲጣል ማየት ልብ ይሰብራል።

አንድ ትኬት ያልኩበት ሌላው ምክንያት ሰዓቱ ነው። ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄደው በረራ አብዛኛው ሌሊት ነው የሚነሳው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀኑም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል። በአንድ ትኬት ከሆነ ከአዘዞ የምትነሱበትን ሰዓት ብቻ ማወቅ ይበቃል፤ ቀሪው ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። በሁለት ትኬት የምታገጣጥሙት እናንተ ናችሁ።

አክስቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ የውጩን ትኬት ልጅቱ ከዚያ ላከች፤ የጎንደሩን እኛ ገዛን። ሻንጣ እያሰርን ወረቀቱን አየሁት። «ማክሰኞ 01:15» ይላል።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚበሩት?» አልኳቸው።

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ነዋ! ሰኞ እህቴ ዘንድ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ።»

01:15 ማለት ሌሊት 7 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ። እህታቸው ቤት ተኝተው አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሊሄድ ነበር። ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚያስፈልግ፣ በትኬቱ ጀርባ በትልቁ ጻፍኩላቸው፦ «ሰኞ ማታ 4 ሰዓት፣ ቦሌ በር ላይ።»