የጊታር ፔዳል ቤት ውስጥ ለመሥራት፦ ሙሉ ኪት፣ ባዶ ቦርድ ወይስ ከዜሮ?

ሐሳባችሁ ብር መቆጠብ ከሆነ ያገለገለ ቦስ ዲኤስ-1 (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምጽ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) ፈልጋችሁ ግዙና ተገላገሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ፔዳል ነው፤ ዛሬም አያሳፍርም። መሥራት ራሱ ካማራችሁ ግን እንቀጥል።

ድምጹን የሚፈጥሩት ዕቃዎች ርካሽ ናቸው። ጂሚ ሄንድሪክስ ሲረግጠው የነበረውን ፈዝ ፌስ (ፈዝ የሚባለው ድምጽን በጣም የሚያሻክር የፔዳል ዓይነት ነው) ብትከፍቱት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ፖት (የሚዞር ማስተካከያ) ነው የምታገኙት። ኪስ የሚጎዱት የብረት ሳጥኑ፣ በእግር የሚረገጠው ስዊችና ጃኮቹ ናቸው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ መጀመሪያ እነዚህ መካተታቸውን እዩ።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሙሉ ኪት፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ የሚሸጠውን ነው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሳጥኑ ተበስቷል? አሉሚኒየም በእጅ ድሪል መብሳት አታካች ነው፤ ድሪሉ ትንሽ ከሸሸ ጃኩና ስዊቹ ውስጥ ይጋጫሉ።

ባዶ ቦርድ፣ ማለትም ዕቃ ያልተገጠመበት የሰርኪት ሰሌዳ ብቻ፣ ርካሽ ይመስላል። የሚያዋጣው ግን ዕቃ በመሳቢያ ላጠራቀመ ሰው ነው። ሬዚስተር ከተበላሸ ሬዲዮ ነቅላችሁ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ፤ የሚረገጠውን ባለ ዘጠኝ እግር (ሽቦ ማያያዣ) ስዊች ግን ከየትም ሬዲዮ አትነቅሉትም። አዲስ አበባ ሆናችሁ ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አስልኩ። አንዲት ስዊች ጎድላ ሥራው ሁሉ ሊቆም ይችላል።

በቬሮ ቦርድ (ቀዳዳና የመዳብ መስመሮች ባሉት ሰሌዳ) ከዜሮ መሥራት ከሁሉም ይረክሳል፣ ከሁሉም በላይም ያስተምራል። ችግሩ የመዳብ መስመሮቹ መቀራረባቸው ነው። በመሃላቸው ቀጭን ሶልደር ካለፈ ፔዳሉ ዝም ይላል፤ እናንተም ማታውን ሙሉ ስትፈልጉ ታድራላችሁ። ለባለ አንድ ትራንዚስተር ቡስተር (ድምጽ ማጉያ ፔዳል) ግን ይበቃል።

ፈዝ ከመረጣችሁ ሌላ ምርጫ ይመጣል፦ ትራንዚስተሩ ጀርማኒየም ይሁን ወይስ ሲሊከን? ጀርማኒየሙ ለስለስ ያለ ድምጽ አለው። የጊታሩን ቮሊዩም ቀነስ ስታደርጉ ደስ በሚል ሁኔታ ይጠራል። ነገር ግን ሙቀት አይወድም። አዲስ አበባ ማታ ያስተካከላችሁት ድምጽ ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሊለወጥባችሁ ይችላል። ደግሞ በጥንቱ አሠራር ከሆነ ፖዘቲቩ ከሳጥኑ ጋር ስለሚያያዝ፣ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር አንድ አዳፕተር ካጋራችሁት ሾርት ያደርጋል። ባትሪ ወይም የራሱ አዳፕተር ይፈልጋል። ሲሊከኑ ሻካራና ጉልበተኛ ነው፤ ዋጋው ቀላል፣ ጠባዩም የማይለዋወጥ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ሲሊከን ይሁን።

ከኪቱ ጋር መልቲሜትርና ጫፉ ቀጭን የሆነ ሶልደር ማድረጊያ ግዙ። ስዊቹ ላይ ስትሠሩ በእያንዳንዱ እግር ላይ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዩ፤ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ይቀልጣል። የዲሌይ (ድምጽን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም ፔዳል) ኪት ካማራችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ፔዳል ከሠራችሁ በኋላ እዘዙት።